ስለ ዓሣ እርባታ ትምህርት የአረጋዊና የወጣት ምልልስ

ጠያቂ፦ አባቴ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሥነ ሕይወት ከፈጸምኩ ወዲህ ልቤ ወደ ዓሣ እርባታ አዘንብሏል፤ ነገር ግን ለሁለተኛው ዲግሪ የምገባበትን ለመምረጥ ስነሣ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃውንና የመሣሪያውን ብዛት ስለሚያወሳ የየትኛውን ደጅ እንደምጠና ቸግሮኛል።

አረጋዊ፦ ልጄ፣ ስለ ሕንፃው ከመጠየቅህ በፊት ስለ ውሃው ጠይቅ፤ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚለካው፣ ሲወጣም ወዴት እንደሚፈስስ። ከዚያም እኩል ስፋትና እኩል ጥልቀት ያላቸው ገንዳዎች ስንት እንዳሉት ጠይቅ፤ የምርመራ ቤት ኃይሉ በዚህ ይታወቃልና።

ጠያቂ፦ የገንዳው ቍጥር ይህን ያህል ነገር ነውን? ዓሣው ከበዛ አይበቃምን?

አረጋዊ፦ አይበቃም፤ ብዙ ወጣቶችም የሚሰናከሉት በዚህ ነው። አንድ ተመራማሪ የኑግ ፋጉሎ ያለበት መኖ ከዓሣ ዱቄት ጋር ይስተካከል እንደሆነ ለመመርመር ፈልጎ፣ ሁለት ገንዳ ወስዶ በእያንዳንዱ መቶ መቶ ቆሮሶ ቢያስገባና አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ ቢመግብ፣ ሁለት መቶ ምስክሮች ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ገንዳ ያሉ ዓሦች አንድ ኦክስጅን ተካፍለው፣ በአንድ ሙቀት ውለው፣ አንዱ ሲታመም ሁሉም ተበክለው የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ልዩነቱ ከመኖው ይምጣ ከገንዳው የሚለይ ዳኛ አይገኝም። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለው የሥነ ምኅዳር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ስሕተት በሰፊው ከገለጠ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ መኖ ቢያንስ ሦስት ገንዳ፣ ያውም በዕጣ የተደለደለ፣ የማይሰጥ የምርመራ ቤት ለዲግሪ ሥራ የተዘጋጀ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጠያቂ፦ እንግዲያውስ ገንዳ ወደበዛበት ወደ ባሕር ማዶ መሄድ ይሻለኛል ማለት ነው።

አረጋዊ፦ መሄዱ መልካም ነው። በስኮትላንድ የሚገኘው የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ እርባታ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1971 ከተመሠረተ ጀምሮ የብዙ አገር ልጆችን አስተምሯል፤ የሚያስደንቀውም ቆሮሶ በሜዳ ውሃ ሊኖርባት በማይችል ብርዳም አገር፣ ውሃውን እያሞቁና እያጣሩ የዓባይን ዓሣ ማርባታቸው ነው። በዚያ ዓይነት ቤት ዓሣው ከሰውነቱ የሚያስወጣውን አሞኒያ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጕዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እነዚህ ተዋልደው ማጣሪያውን እስኪሞሉት ድረስ ሳምንታት ስለሚፈጅባቸው፣ የአንድ ዓመት ትምህርት ይዞ የሄደ ሰው ገንዳውን ገና በመጀመሪያው ወር ካላዘጋጀ ጊዜው ያልቅበታል። ነገር ግን በተሞቀ ውሃ የተገኘው ዕውቀት ሁሉ በሰበታ ኩሬ ይሠራል ብለህ አታስብ።

ጠያቂ፦ ስለ ምን?

አረጋዊ፦ ቆሮሶ የሚፋፋው ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ይደክማል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብሉን ይተዋል ለማለት ይቻላል። ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኝበት ሰበታ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ከሌላው አገር ጥያቄ ይለያል፤ የእኔም ምክር ትምህርቱን በውጭ ብትማር እንኳ ምርምሩን በአገርህ ውሃ እንድትሠራ፣ ወይም በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ለጥቂት ወራት ብቻ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ እንድትላክ ነው።

ጠያቂ፦ የተሻሻለ፣ ፈጥኖ የሚያድግ ዘር አምጥቶ ማርባትስ አይቀልልምን?

አረጋዊ፦ በዚህ ነገር ልቤ ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረው የቆሮሶ ዘር ማሻሻል ሥራ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የአፍሪካ ዓሦችን፣ በእስያ ሲረቡ ከቆዩ ዘሮች ጋር አዳቅሎ የመረጠ ነው፤ እስያ ከእኛ አህጉር ወስዳ ስትበለጽግ እኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ዓሣ በቅጡ አልመዘገብንም። የተመረጠው ዘር ወደ ጫሞ ወይም ወደ ጣና ቢያመልጥ ከነባሩ ጋር ተዳቅሎ ለዘመናት የተጠበቀውን የዘር ልዩነት ያጠፋዋል፤ ከጠፋ በኋላም በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ መፍሰሻው ላይ ወንፊት የሌለው፣ ለእንግዳ ዓሣ የተለየ ማቆያ የሌለው ቤት፣ በስሙ ላይ ዘላቂ የሚል ቃል ቢጽፍም አትመነው።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ከምን ልጀምር? ለመምህራኑ ስጽፍላቸው የምይዘው ጥያቄ ያስፈልገኛል።

አረጋዊ፦ አንድ ልስጥህ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንተወውና፣ ገበያው ግን በዐቢይ ጾም ዓሣን አብዝቶ እንደሚሻ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ከጾሙ በፊት ያሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ የደጋው ሌሊት እጅግ የሚቀዘቅዝባቸው፣ ቆሮሶም እድገቱን የሚያቆምባቸው ወራት ናቸው፤ ገበሬው ዓሣውን በሚፈልግበት ጊዜ ዓሣው ገና ትንሽ ነው። ጫጩቱን በየትኛው ወር ማስገባት፣ ኩሬውን ምን ያህል ማጥለቅ፣ በላዩ የላስቲክ ጣሪያ መዘርጋት ወይስ ብርድን በተሻለ የሚታገሥ አምባዛን መቀላቀል እንደሚበጅ ብትመረምር፣ ለዲግሪ የሚበቃ ሥራ ነው። አስቀድመህ ግን ቴርሞሜትር ገዝተህ የአንድ ገበሬ ኩሬ ሙቀት ጎሕ ሲቀድና ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከላይና ከታች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ለካ። ደብዳቤህን ስትጽፍ ያን መዝገብ አያይዘው፤ መልስ የሚሰጥህም መምህር ስንት እኩል ገንዳ ሊሰጥህ እንደሚችል በጽሑፍ እንዲነግርህ ለምነው።