ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ

በአስኮ፣ በአንድ ግቢ በረንዳ ላይ፤ ወሩ ነሐሴ ነው። ጋሼ በሆለታ የአበባ እርሻዎች በሰብል ጥበቃ ሥራ ቆይተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ጠያቂዋ የጎረቤታቸው ልጅ ናት።

ልጅ፦ ጋሼ፣ በባልዲ የተከልኩት በሶብላ እየገረጣብኝ ነው። እናቴ አፈሩ ሳስቷል፣ ፍግ ጨምሪበት ትለኛለች።

ጋሼ፦ ፍጉ ይቆይ። መጀመሪያ ከገረጡት ቅጠሎች አንዱን ገልብጠሽ እዪ። ከላይ የሚታየው ብጫ በብዙ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱን የሚናገረው የቅጠሉ ጀርባ ነው።

ልጅ፦ ጀርባው ላይ አቧራ የመሰለ ነገር አለ። ግራጫ ነው፤ ወደ ሐምራዊ ያደላል።

ጋሼ፦ እሱ የበሽታው ዘር ነው። ብጫውንም ልብ በይ፤ በቅጠሉ ጅማቶች ታጥሮ ነው የቆመው። የአፈር መሳሳት ቢሆን ኖሮ ከታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ይጀምርና ቅጠሉን በሙሉ ያገረጣው ነበር፤ ጀርባውም ንጹሕ ይሆን ነበር። ጽጌረዳ ላይ የሚወጣውን የዚህን ዘመድ እኛ እርሻ ላይ “ዳውኒ” እንለው ነበር።

ልጅ፦ ግቢያችን ውስጥም ጽጌረዳ አለ። ከእሱ ተላልፎ ይሆን?

ጋሼ፦ የጽጌረዳው በሶብላን አይነካም። የበሶብላው መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ከዚያ ብዙ ዘመን ድምፁ ጠፍቶ ቆየና በ2001 ስዊዘርላንድ፣ በ2007 ደግሞ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ላይ ታየ። ፔሮኖስፖራ ቤልባህሪ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ2009 ነው። በበሶብላ ዘር ውስጥ ተሸሽጎ ባሕር ይሻገራል፤ ከደረሰ በኋላ በነፋስ ከግቢ ወደ ግቢ ይሄዳል።

ልጅ፦ ፈንገስ ነው ማለት ነው?

ጋሼ፦ አኗኗሩ እንደ ፈንገስ ነው፤ በዘር ግንዱ ግን የሚዛመደው ውሃ ውስጥ ከሚኖሩት ቡናማ አልጌዎች ጋር ነው። ድንችን በክረምት የሚያጠቁረው በሽታም ከዚሁ ወገን ነው። ይህን ማወቅ ለሥራሽ ይጠቅምሻል፤ ይህ ወገን ያለ እርጥበት ምንም ማድረግ አይችልም።

ልጅ፦ አሁን እኮ ክረምት ነው። ቀንም ማታም ይዘንባል።

ጋሼ፦ ዝናቡን ማስቆም አትችይም፤ ቅጠሉ ደርቆ እንዲያድር ማድረግ ግን ትችያለሽ። በሽታው ያን አቧራ የሚያፈራው በጨለማ ነው፤ አየሩ እንደረጠበ ቢያንስ 7 ሰዓት ተኩል ያህል መቆየት አለበት። ተመራማሪዎች ሌሊቱን መብራት ሲያበሩበት ማፍራቱን አቁሟል። ሲነጋ ነፋስ አቧራውን ይበትነዋል። ያረፈበት ቅጠል ለጥቂት ሰዓታት እርጥብ ከሆነ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብጫው የሚታየው ከ5 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጤነኛ መስሎ የቆመውም ይዞት ሊሆን ይችላል።

ልጅ፦ ያልታየውን በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ የምትጠረጥሪውን ቅጠል ከእርጥብ ሶፍት ጋር ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ጨለማ ቦታ አሳድሪው። ካለበት ጥዋት አቧራው ወጥቶ ታገኚዋለሽ።

ልጅ፦ እሺ፣ ቅጠሉን እንዴት አድርጌ ነው ደረቅ የማሳድረው?

ጋሼ፦ ባልዲዎቹን በረንዳ ላይ አውጪያቸው፤ ከጣራው ጠፈጠፍ ግን አርቂያቸው። ግንዶቹን ስንዝር ተኩል ያህል አራርቂ፤ የተጠጋጉትንም ቅርንጫፎች አሳሺ፣ ነፋስ በመሃላቸው ይለፍ። ውሃ በጥዋት፣ ከሥሩ ብቻ አጠጪ፤ ማታ ቅጠሉ ላይ አታርከፍክፊ። ላስቲክ የምትዘረጊ ከሆነ ከላይ ብቻ ይሁን። ጎኑን ከዘጋሽው ላቡ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ልጅ፦ ለድንች የሚረጩትን ሪዶሚል ብገዛስ?

ጋሼ፦ አይሆንም። ድንች ላይ የሚረጨው ቅጠሉ ላይ ነው፤ የሚበላው ግን አፈር ውስጥ ያለው ነው። በሶብላ ላይ የምትረጪውና የምትበዪው አንድ ነው፤ ቅጠሉና አበባው። ደግሞም አቧራ ያወጣውን ቅጠል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሪዶሚል ውስጥ ያለውን ሜታላክሲልንም የበሶብላው በሽታ በሌሎች አገሮች ለምዶት አልበገር ብሏል።

ልጅ፦ የታመሙትን ታዲያ ምን ላድርጋቸው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ፌስታሉን ከላይ አልብሺ፣ ከዚያ ንቀይ፤ አቧራው እንዳይበተን ነው። ቋጥረሽ ጣይው። ንጹሖቹን ግን ዛሬውኑ ቁረጪና ለፍልሰታው ሽሮ ይሁኑ። በሽታው የተክል ነው፣ ሰውን አይዝም። ለማቆየት ብለሽ በዚህ እርጥበት አታስጪው። ሳይደርቅ በርበሬ ውስጥ የገባ በሶብላ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን፣ ጉበት የሚጎዳውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል።

ልጅ፦ የአንዱ ተክል ቅጠሎች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቻለሁ። እሱም ዳውኒ ነው?

ጋሼ፦ ክብ ሆኖ መሃሉ የነጣ ከሆነ ሌላ የቅጠል በሽታ ነው፤ ዝናብ ሲፈናጠቅ ይዛመታል። ቅጠሎቹን ልቀሚ፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፍኚ። ተክሉ በአንድ ወገን ጠውልጎ ግንዱ ላይ ቡናማ መስመር ካየሽ ግን ፉዛሪየም የሚባለው በሽታ ነው። እሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያልና ባልዲውን ከነአፈሩ ለሌላ ተክል አድርጊው። በኅዳርና በታኅሣሥ በአንድ ሌሊት የሚያጠቁረው ደግሞ ብርድ ነው፤ በሶብላ የአስኮን ውርጭ አይችልም።

ልጅ፦ ክረምቱ በሽታ፣ ኅዳር ውርጭ። መቼ ልትከለው ታዲያ?

ጋሼ፦ ብርዱ ሲያልፍ፣ በየካቲት ዝሪ። ውሃ ከሥሩ እየሰጠሽ አሳድጊው። በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ቅጠሉንም አበባውንም ሰብስበሽ አድርቂ፤ ለሽሮውና ለበርበሬው የሚሆንሽን ሰኔ ሳይገባ በጠርሙስ ዘግተሽ አስቀምጪ። ለክረምት በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ግንድ ይበቃሻል።

ልጅ፦ ዘሩንስ ከገበያ ልግዛ?

ጋሼ፦ በሽታው በዘር ይሄዳል ብዬሻለሁ። በበጋ አንዴም ብጫ ካላየሽበት ግንድ ራስሽ ያዢ። ለጎረቤቶችሽም ከዚያው ስጪ፤ ያወራነውንም ንገሪያቸው። እነሱ ግቢ የታመመ በሶብላ ቆሞ ካደረ፣ አንቺ የቱንም ያህል ብትጠነቀቂ ነፋሱ ያመጣብሻል።