የጽሕፈት ቤታችን ዋይፋይና የተረጂዎች መዝገብ

በቆቦም ሆነ በራያ ቆላ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዲቀመጥ አይደረግም። የዋይፋይ ይለፍ ቃል ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢገኝ የሚገረም ጥቂት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአጥር አይገታም፤ ወደ መረቡ የገባ ሰውም የተረጂው ስምና ሕመም የሰፈረበትን በጋራ የተከፈተ ፋይል ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው መጠበቂያ፣ ዌፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ በ2001 ድካሙ ተገለጠ፤ ዛሬ በደቂቃዎች ይሰበራል። ራውተሩ ከዚህ ሌላ የማያውቅ ከሆነ ይለወጥ። በ2004 የመጣው ዳብሊዩ ፒ ኤ 2 እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ጥንካሬው ግን በይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አጥቂው ስልክና ራውተር ሲተዋወቁ የሚለዋወጡትን መልእክት አንድ ጊዜ ከቀዳ፣ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር እልፍ ግምቶችን መሞከር ይችላልና። ስለዚህ የደብሩ ስም ከዓመተ ምሕረት ጋር ተጣምሮ ቁልፍ አይሆንም፤ በዕጣ የወጡ አምስት የማይዛመዱ ቃላት ይሻላሉ። በ2018 የወጣው ዳብሊዩ ፒ ኤ 3 ይህን የቤት ውስጥ ግምት ይዘጋል፤ አሮጌ ስልኮች ግን አይቀበሉትም።

ራውተሩን ማስተካከያ ይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደ መጣ ከተተወ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተለየ የእንግዳ መስመር ይከፈትላቸው፤ መከልከሉን አንደግፍም። የኮሚቴ አባል ሲለወጥም ይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ተቀይሮ በርክክቡ ቃለ ጉባኤ መቀየሩ ይመዝገብ፤ ቃሉ ራሱ ግን አይጻፍ።