ያደረው መና፤ በወረርሽኝ ወራት ስለ አስቤዛ ሽሚያ



በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ነገር ሲሰሙት የጓዳ ወሬ እንጂ የወጣት ጉባኤ ርእስ አይመስልም። ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ፓስታና ስለ ዘይት ነውና። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር በክፍላችን «ክርስቲያን ለክፉ ቀን ማከማቸት ይገባዋልን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያይተናል። ስለዚህ ሁላችንም ባለፍንበት ዘመን፣ ይኸውም በ2012 ዓ.ም. በሆነው ነገር ጥያቄውን እንደገና ብናየው ይሻላል ብለናል።

እንደሚታወሰው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ዓርብ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ሰኞ መጋቢት 7 ት/ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርንና ደብተራችንን ይዘን ቤት ገባን። በእነዚያ ቀናት በአዲስ አበባ የሆነውን የማያስታውስ የለም። መጀመሪያ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውና የእጅ ማጽጃው ከመድኃኒት ቤቶች ጠፋ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ፈውስ ነው ስለ ተባለ ከአትክልት ተራ እስከ ሰፈር ጉልት ድረስ ዋጋቸው ተሰቀለ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ለጤና የሚስማማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና እንደሚያድን ማስረጃ እንደሌለ ቢያስታውቅም ሰሚ አላገኘም። ከዚያ ወረፋው ወደ ሩዝ፣ ወደ ፓስታና ወደ ዘይት ዞረ። በባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች፣ በአሜሪካም በአውስትራሊያም፣ በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ሲሻሙ በስልካችን አይተን ሣቅንባቸው። እኛ በነጭ ሽንኩርት እየተሻማን በእነርሱ መሣቃችን ዛሬ ሲያስቡት ይገርማል።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። እኛም ቤት ሦስት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ተገዝቶ በላስቲክ ታስሮ ከአልጋ ሥር ገባ። በወር አንድ ኪሎ የማይጨርስ ቤት ነው። በዚያው ሳምንት በየቤቱ እየዞሩ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ጎረቤታችን በሩን አንኳኩተው፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ቢገኝ ለሽሮዬ ብለው ጠየቁ። ጉልቷ ዘንድ ደርሰው ዋጋውን ሰምተው ነበር የተመለሱት። እኛም «አልቆብናል፣ እትዬ» አልን። እርሳቸው «ይሁን ልጆቼ፣ እሱ ይሰውረን» ብለው ሄዱ። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ቃል የገባነው እኛው ነበርን። ለትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ዋዜማ፣ ለዶሮው ወጥ ያ ላስቲክ ከአልጋ ሥር ሲወጣ ግማሹ በቅሎ ግማሹ ሻግቶ ተገኘ። ሽታው ከቤቱ ሳይወጣ ሰነበተ።

ይህን የምንለው እናቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም። የቀበሌን ሱቅ ሰልፍ የቆሙ፣ የ77ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሰዎች ዕቃ ሊጠፋ ነው ሲባል ልባቸው ቢደነግጥ አይፈረድባቸውም። ፍርሃቱ የመጣው ካዩት ነገር ነው። ጥያቄው ፍርሃት ወዴት ይመራናል የሚለው ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ በሳምንት 50 ኪሎ ፓስታ ያመጣል እንበል፤ 50 ቤተሰብም አንድ አንድ ኪሎ ይወስዳል። ባለሱቁ ይህን ስለሚያውቅ ከዚያ አብልጦ አያመጣም፤ ገንዘቡንም ዕቃ ላይ አያስርም። አንድ ቀን ወሬ ይነሣና ቀድመው የደረሱት ዐሥር ቤተሰቦች አምስት አምስት ኪሎ ይወስዳሉ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ አርባው ቤተሰብ ባዶ እጁን ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ከፋብሪካው የቀነሰ አንድም ኪሎ የለም፤ በዚያ ሳምንትም ከወትሮው አብልጦ የበላ የለም። የተለወጠው ፓስታው ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከሱቁ ወደ አልጋ ሥር ሄደ። አርባዎቹ ግን ባዶውን መደርደሪያ በዓይናቸው አይተዋልና በሚቀጥለው ቀን እነርሱም በተገኘበት አምስት ኪሎ ለማንሣት ይሮጣሉ። እንዲህ እያለ «ሊጠፋ ነው» የሚለው ወሬ ራሱን እውነት ያደርጋል። ባለሱቁም ይህን ሲያይ በዋጋው ላይ ይጨምራል። ያን ጊዜ በከተማው ዋጋ የጨመሩ ሱቆች ሲታሸጉ «ይበላቸው» ያልን ብዙዎች ነን፤ ዋጋውን ወደ ላይ ከገፉት እጆች አንዱ የእኛ እንደ ነበረ ግን አላሰብንም።

በዚህ ሒሳብ ከሁሉ የሚጎዳው የቀን ሠራተኛው ነው። የዕለት ገቢውን በዕለቱ የሚሸምት ሰው የወር አስቤዛ ልግዛ ቢል የሚገዛበት የለውም። እርሱ ማታ ሲመጣ የሚያገኘው እኛ ያስተረፍነውን ነው።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በክፍላችን ማከማቸት ይገባል ያሉት ወንድሞች ዮሴፍን ጠቅሰው ነበር፤ አይገባም ያሉት እኅቶች ደግሞ መናውን። ሁለቱም ወገን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላነበበውም ብንል አናጋንንም።

በዘፀአት 16 እንደምናነበው እስራኤል መናውን በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር ይለቅሙ ነበር። ብዙ የለቀመው ሲሰፈር ትርፍ አልተገኘበትም፤ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ታዝዘው ሳለ እስከ ነገ ያሳደሩት ተላና ሸተተ። እስከዚህ ድረስ የእኅቶቻችን ቃል ትክክል ነው። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲለቅሙ ተነገራቸው፤ ለሰንበት ያሳደሩትም አልሸተተም፣ አልተላም። እንግዲህ ማሳደር በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የዓርቡም በተላ ነበር። አንዱ ያደረው ነገ አይሰጠንም ተብሎ ነው፤ ሌላው የሰንበትን ቀን ለማክበር፣ ለሁሉም እኩል በተነገረ ትእዛዝ ነው። ይህ ልዩነት ለጥያቄያችን ቁልፍ ይመስለናል።

ዮሴፍም ቢሆን (ዘፍጥረት 41) እህሉን የሰበሰበው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት፣ ከአምስት አንዱን እጅ ነው። የሰበሰበውም ለገዛ ጓዳው አልነበረም፤ በየከተማው ጎተራ አኖረውና ረኃቡ ሲጸና ጎተራውን ከፈተ። እኛ ግን ያከማቸነው እጥረቱ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያስቀመጥነው ከራሳችን አልጋ ሥር ነው፤ ጎረቤት ሲያንኳኳም ዘጋነው። በዮሴፍ ስም ልንጠራው አይገባንም። (በምዕራፍ 47 ሕዝቡ ስለ እህል ከብቱንና መሬቱን ማስረከቡ ለኛ ከባድ ንባብ ነው፤ መምህራችን በሌላ ጊዜ እንዲያብራሩልን እንጠይቃለን።)

ከሁሉ ይልቅ ለዘመናችን የሚቀርበው ግን ብዙም የማይሰበከው የአራቱ ለምጻሞች ታሪክ ነው (2ኛ ነገሥት 7)። ሰማርያ ተከባ፣ የአህያ ራስ በሰማንያ ብር በሚሸጥበት ረኃብ፣ በሕመማቸው ምክንያት ከሰው ተለይተው በበር የተቀመጡ አራት ሰዎች ወደ ሶርያውያን ሰፈር ሄዱ። ሰፈሩ ባዶ ነበር። በሉ፣ ጠጡ፤ ብሩንና ወርቁን፣ ልብሱንም ወስደው ሸሸጉ። ተመልሰው ከሌላው ድንኳን ደግሞ ወስደው ሸሸጉ። እኛም ሁለት ጊዜ ነበር ወደ ጉልቱ የሄድነው። እነርሱ ግን በዚህ መካከል እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ በከተማው ሰው እየሞተ ዝም ማለታቸው መልካም እንዳልሆነ ተነጋግረው፣ ሌሊቱን ወደ በረኛው ሄደው ነገሩት። ተለይተው እንዲኖሩ የተደረጉት ሰዎች ያገለላቸውን ከተማ መገቡ። በማግስቱ የዱቄቱ ዋጋ ወደቀ። ነቢዩ ኤልሳዕ ይህ እንደሚሆን በተናገረ ጊዜ ያላመነው ሹም ግን በበሩ ላይ ሳለ ለእህል በሚሽቀዳደመው ሕዝብ ተረግጦ ሞተ።

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክም ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ አለልን። በአውሮፓ አቈጣጠር በ368 እና በ369 ዓ.ም. አካባቢ በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ፣ ገና ቄስ ሳለ፣ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በስብከቱ አስከፍቶ፣ ድኾቹን ሰብስቦ በገዛ እጁ ሾርባ ያድል ነበር። ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቁ ነጋዴዎች እንግዲህ የ2012 ፈጠራ አይደሉም።

በአገራችንም በዚያ ዓመት የሆነው ሽሚያ ብቻ አልነበረም። በአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች የምግብ ባንክ ተቋቁሞ ዱቄትና ዘይት ሲሰበሰብ፣ ማዕድ ማጋራት የሚለውም ቃል በየሰፈሩ ሲሰማ አይተናል። የሚያሳዝነው አንዳንዱ ሰው ለምግብ ባንኩ የሰጠው ከራሱ ክምር የተረፈውን፣ ሊበላሽ የተቃረበውን መሆኑ ነው።

ታዲያ ሌላ ወረርሽኝ ወይም ሌላ የእጥረት ወራት ቢመጣ ምን እናድርግ? በእኛ አስተያየት በደኅናው ቀን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ሽሮ፣ ምስርና በርበሬ በቤት መኖሩ ነውር የለበትም፤ ሰው ቢታመም ከቤት ሳይወጣ የሚሰነብትበት ነውና የሚያስመሰግን ነው። ወሬው ከተነሣ በኋላ ግን ከወትሮው አብልጦ አለመግዛት ነው። ከየቤቱ አንድ ወጣት ለራሱም፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ አንድ አረጋዊም ሸምቶ ቢመጣ ሰልፉም ያጥራል፣ ሽማግሌውም ከበሽታው ይጠበቃሉ። በየሰፈራችን እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ከእድሩ ጸሐፊ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ከአሁኑ ጠይቀን በደብተር ብንይዘው መልካም ነው።

እኛም ያን የበቀለ ነጭ ሽንኩርት መርጠን፣ ያልተበላሸውን በሰሐን አድርገን ወደ እትዬ ቤት ወስደን ነበር። አልቆብናል ማለታችን ውሸት እንደ ነበረም ነገርናቸው። እርሳቸውም «እኔ'ኮ ያን ቀን ሽታው ከደጅ ይሰማኝ ነበር» አሉን፤ ሰሐኑንም ዳቦ አድርገውበት መለሱልን።

ለመጪው እሑድ ዘፀአት 16ን እና 2ኛ ነገሥት 7ን አንብባችሁ ኑ። ደብተሩንም የሚይዙ ሁለት ወጣቶች ከየሰፈሩ ይመረጣሉ።