ለአዲስ ላፕቶፕ ምን ዓይነት ማከማቻ እንምረጥ? ከጋምቤላ ሙቀት ጋር የተሰላ ምክር

በአገራችን የማከማቻን ነገር ከጋምቤላ በተሻለ ሊያስተምረን የሚችል ከተማ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መነሻነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ እየተጫነ የሚወርደው ቡና በጋምቤላ ይከማች ነበር። የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ወደ ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ብቻ በመሆኑ፣ በበጋ የደረሰ ቡና ወንዙ እስኪሞላ መቆየት ነበረበት። መጋዘኑ ቢያፈስ የዓመቱ ልፋት ገደል ይገባል።

የዛሬው ተማሪ መጋዘን ላፕቶፑ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ማስታወሻው፣ የመመረቂያ ጽሑፉና የሙከራ ውጤቱ በውስጡ ይቀመጣሉ። ሆኖም አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ በቅድሚያ የሚጠየቀው የፕሮሰሰሩ ዓይነት ወይም የስክሪኑ ስፋት ነው፤ የማከማቻው ነገር በመጨረሻ ይነሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሳል። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት በምንማርበት ወቅት የአራት ወር የሙከራ ውጤት በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጠን፣ ዲስኩ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ስለተበላሸ ሙከራውን እንደ አዲስ ለመድገም ተገደናል። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ምርጫውን በግምት ሳይሆን በፊዚክስ ስሌት እንመለከተዋለን።

ሁለቱ የማከማቻ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ነው። የአይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነበር። የዛሬው ሃርድ ዲስክ በኪስ የሚያዝ ቢሆንም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። የሚሽከረከር ሳህን በቀጭን የማግኔት ንጣፍ ተለብጧል፤ አንድ ራስ በሳህኑ ላይ እየተንሳፈፈ ጥቃቅን የማግኔት ክልሎችን አቅጣጫ ይለውጣል፣ ያነባልም። ራሱንና ሳህኑን የሚለያያቸው የአየር ሽፋን የጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች የሚለካ መሆኑን ስናስብ፣ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ቢመታ ወይም ቢወድቅ ምን እንደሚከተል መገመት አይከብድም። የማንበቢያ ራሶችን እጅግ ያሳነሳቸው ግኝት እ.ኤ.አ. በ1988 የተደረሰበት ግዙፍ የማግኔት ተቃውሞ ክስተት ሲሆን፣ አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ ነው። በውስጡ የሚንቀሳቀስ አካል የለም። መረጃው የሚቀመጠው በፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ፣ ዙሪያውን በማያስተላልፍ ንጣፍ በታጠረ እጅግ ትንሽ ክፍል ውስጥ በሚታሰሩ ኤሌክትሮኖች ነው። የፍላሽ ሜሞሪ ፈጣሪ በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ኤሌክትሮኖቹ በጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው አጥሩን የሚያልፉት በኳንተም መካኒክስ በምናውቀው የመሿለክ ክስተት ነው። ይሁን እንጂ በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥር አጥሩ ጥቂት በጥቂት ይጎዳል፤ ኤስኤስዲ የተወሰነ የመጻፍ ዕድሜ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነትን እናስላ

በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 60 ሲካፈል ለ5,400፣ ማለትም 11.1 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። የሚፈለገው መረጃ ከራሱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪዛወር 12 ሚሊሰከንድ ያህል ብንጨምር ድምሩ 17.6 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ በተለያየ ቦታ የተበተኑ ፋይሎችን በሰከንድ ከ57 ጊዜ በላይ ማንሳት አይችልም። ኤስኤስዲ ግን ለአንድ ንባብ የሚወስድበት 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ በመሆኑ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያነብባል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። በመሆኑም አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቢተካ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል።

በኤስኤስዲዎች መካከልም ልዩነት አለ። በሳታ መስመር የሚሠራው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ሲያስተላልፍ፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ዓይነት 3,500፣ አንዳንዱም 7,000 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ታዲያ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ይገባል? እዚህ ላይ የጋምቤላ አየር የራሱን ድምፅ ይሰጣል።

ሙቀት የሚለውጠው ስሌት

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፣ አንዳንድ ቀንም ያልፈዋል። አንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ 70 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል እንበል። ከመሣሪያው ወደ አየር የሚወጣው ሙቀት በሁለቱ መካከል ካለው የሙቀት መጠን ልዩነት ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። 20 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ 50 ዲግሪ ሲሆን፣ 40 ዲግሪ በሆነ የጋምቤላ ክፍል ውስጥ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ላፕቶፕ በጋምቤላ ማስወጣት የሚችለው ሙቀት በአዲስ አበባ ከሚያስወጣው 60 በመቶውን ብቻ ይሆናል። ለከፍተኛው ፍጥነት የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ብዙ ፋይል በሚገለበጥበት ሰዓት በሙቀት ይበላል ማለት ነው። ለተማሪ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ኤስኤስዲ በቂ ነው።

ሙቀት የሚነካው ፍጥነትን ብቻ አይደለም። በፍላሽ ውስጥ የታሰሩት ኤሌክትሮኖች በጊዜ ብዛት ያመልጣሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ማምለጡ ይፋጠናል። የሴሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ ደረጃ የሚያወጣው ጄዴክ፣ ለግል ኮምፒውተር የሚውል ኤስኤስዲ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ይጠይቃል። በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቀውን የአሬኒየስን ቀመር ብንጠቀም፣ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት የተለመደውን 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት የኃይል ግድብ ብንወስድና ሙቀቱን ከ303 ወደ 313 ኬልቪን ብናሳድግ፣ የማምለጡ ፍጥነት ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። አንድ ዓመት የነበረው ሦስት ወር ገደማ ይሆናል። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚህ እጅግ የረዘመ ጊዜ ስለሚይዝ በየቀኑ የሚሠራበት ተማሪ ሊደነግጥ አይገባም። ነገር ግን ብዙ ያገለገለ ፍላሽ በቆርቆሮ ቤት መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ የታመነ ማኅደር አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ቅምጥ የሃርድ ዲስክ የማግኔት ክልሎች ይበልጥ ጽኑ ናቸው።

ሃርድ ዲስክ በበኩሉ ከፍታን አይወድም። ራሱን የሚያንሳፍፈው አየር በመሆኑ፣ አብዛኞቹ አምራቾች ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራ ያሳስባሉ። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ለጋምቤላ ይህ ስጋት የለም። የዚህ አካባቢ ተማሪ ሊፈራ የሚገባው የመንገዱን መንገጫገጭ ነው፤ በጎሬና በመቱ በኩል ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ሃርድ ዲስክ ያለውን ላፕቶፕ አጥፍቶ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለት ድራይቭ ቢኖርስ?

አንዳንድ ላፕቶፖች ሁለት ድራይቭ ይይዛሉ። ሁለቱን እንደ አንድ አጣምሮ ፍጥነት የሚጨምረው አደረጃጀት ሬይድ ዜሮ ይባላል። እያንዳንዱ ድራይቭ በዓመት የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ ነው ብለን እንነሳ። በሬይድ ዜሮ አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ስለሚጠፋ፣ የመጥፋት ዕድሉ 1 ሲቀነስ 0.95 በ0.95፣ ማለትም 9.75 በመቶ ይሆናል። አደጋው እጥፍ ሆነ ማለት ይቻላል። ሬይድ አንድ ግን አንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ ይጽፋል፤ ሁለቱም የሚበላሹበት ዕድል 0.05 በ0.05፣ ማለትም 0.25 በመቶ ነው።

ይህ ቁጥር ግን ሊያታልለን ይችላል። ስሌቱ የሚያገለግለው ሁለቱ ክስተቶች ነፃ ከሆኑ ብቻ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉ ድራይቮች ሙቀታቸው አንድ ነው፣ ሌባውም አንድ ነው፣ ከፍላሽ የሚገባው ቫይረስም አንድ ነው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሁለቱም ላይ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። በተመሳሳይ፣ አንድን ድራይቭ ሲ እና ዲ ብሎ መክፈል ፋይልን ለማደራጀት ይረዳል እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በጋምቤላ ክልል የባሮና የሌሎች ወንዞች ሙላት ብዙ ሕዝብ ማፈናቀሉ ይታወሳል። ውኃ ለገባበት ቤት ሁለት ቅጂ በአንድ ክፍል ማስቀመጥ አንድ ቅጂ እንደማስቀመጥ ነው።

ምክራችን

1. በላፕቶፑ ውስጥ አንድ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይኑር፤ አቅም ካነሰ 256 ይበቃል። ሙሉ በሙሉ አይሞላ፤ ጥቂት ባዶ ቦታ ፍጥነቱንም ዕድሜውንም ይጠብቃል።

2. ከውጭ የሚሰካ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ለመጠባበቂያ ይያዝ። በሳምንት አንድ ቀን ይገልበጥበት፣ ከዚያ ተነቅሎ ከላፕቶፑ በተለየ ቤት ይቀመጥ።

3. የመመረቂያ ጽሑፍንና የመሳሰሉትን ትንንሽ ግን ውድ ፋይሎች፣ ኔትዎርክ በተገኘ ቁጥር ወደ ራስ ኢሜይል ወይም ወደ ራስ የቴሌግራም ገጽ መላክ ይገባል። ይህ ቅጂ ጎርፍም ሌባም አይደርስበትም።

4. መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ላፕቶፑ በባትሪው ስለሚቆይ ኤስኤስዲው ብዙም አይጎዳም። የደከመ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ግን መብራት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ እያለ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ባትሪውን መቀየር መረጃን መጠበቅም ነው።

በግዢ ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

512 ጊጋባይት የተባለው ድራይቭ በዊንዶውስ ላይ 476 ሆኖ ቢታይ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥራል። ነገር ግን በርካሽ ዋጋ የሚቀርብ የ2 ቴራባይት ፍላሽ አጠራጣሪ ነው። ትንሽ መጠን ያለው ቺፕ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ይሸጣል፤ ከትክክለኛው መጠኑ በላይ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድራይቩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የድራይቩን የሥራ ሰዓትና የጤንነት ሁኔታ ማየት ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ ድራይቭ ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻል፤ ቀኑን አስቀድሞ የሚነግረን ቀመር ግን የለም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ይህን መጽሔት ከማጠፋችሁ በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ስንት ቅጂ እንዳለውና እያንዳንዱ የት እንደሚገኝ ቁጠሩ። መልሱ አንድ ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት አድርጉት።

መልመጃ፦ አንድ ተማሪ ላፕቶፑንና የመጠባበቂያ ዲስኩን በአንድ ቦርሳ ይይዛል። እያንዳንዱ ድራይቭ በዓመት የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ፣ ቦርሳው የመሰረቅ ዕድሉ 2 በመቶ ቢሆን መረጃው በሙሉ የሚጠፋበት ዕድል ስንት ነው? 2.2 በመቶ ገደማ ካገኛችሁ ትክክል ናችሁ። ዲስኩ በሌላ ቤት ቢቀመጥና የቤቱን አደጋ ብንተወው መልሱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ደግማችሁ አስሉ።