የሞተር ብስክሌት የፊት መብራት፦ ከአምፖሉ በፊት ሽቦው



የኦምን ሕግ በደብተራችሁ ጽፋችኋል፤ ጥያቄም ሠርታችሁበታል። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል «መምህር፣ ይህ ሕግ ከፈተና በቀር ምን ይጠቅመናል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ዛሬ በየደጃችን ቆሞ ከምናየው ከሞተር ብስክሌት እንፈልገዋለን።

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ወደ ገላባት የሚወስደውን አስፋልት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሌሊት መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፣ ግመልና እግረኛ በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። ሰው ሲታመም ወይም ምጥ ሲመጣ ቶሎ የሚገኘው ሞተር ነው፤ ወይም እኛ ባጃጅ፣ ሱዳኖች ራክሻ የምንለው ባለ ሦስት እግር። ስለዚህ የፊት መብራት የነፍስ ጉዳይ እንጂ ጌጥ አይደለም።

የእኔ ስህተት

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ የሞተሩ መብራት ደካማ እንደሆነበት ነገረኝ። አምፖሉ 35 ዋት ነበር። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያቋረጥኩት ትምህርት እንደሚበቃኝ ቆጥሬ ሳልመረምር «60 ዋት ግዛ» አልኩት። ገዛ። ለጥቂት ቀናት ደህና መሰለ። አንድ ሌሊት ግን በወባ ትኩሳት የሚቃጠል ልጁን በመካከላችን አድርገን ወደ ሕክምና ስንሄድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ወዲያው መብራቱ ጠፋ። «መምህር፣ መብራቱ ምን ሆነ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ልጁን አዝዬ በእጅ ባትሪ ከፊት ስመራ፣ እሱ ሞተሩን እየገፋ በጭቃ ደረስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ድኗል። በማግስቱ ሞተሩን ስንፈታ በመሪው ላይ ያለው ማብሪያ ቀልጦ አገኘነው። ይህን ትምህርት የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ጆርጅ ኦም ጀርመናዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሕጉን የያዘው መጽሐፉ በ1827 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሕጉ አጭር ነው፦ ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ። ሬዚስታንስ ማለት የከረንትን መንገድ የሚያጠብ ነገር ነው። ቀጭን ሽቦ፣ የዛገ መገናኛ፣ ያረጀ ማብሪያ ሁሉ መንገዱን ያጠባሉ።

ባትሪው 12 ቮልት፣ አምፖሉ 35 ዋት ነው እንበል። ከረንቱ 35 ÷ 12 = 2.9 አምፔር ያህል ይሆናል። የሽቦው፣ የመገናኛውና የማብሪያው ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.4 ኦም ቢሆን በመንገድ የሚጠፋው ቮልቴጅ 2.9 × 0.4 = 1.2 ገደማ ነው። ለአምፖሉ የሚደርሰው 10.8 ቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። ክር ያለው አምፖል ደግሞ ቮልቴጁ ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንሳል። የጎረቤቴ መብራት የደከመው ለዚህ ነበር፤ አምፖሉ አንሶ አልነበረም።

አሁን 60 ዋት እናስገባ። ሒሳቡ እንዲቀለን ከረንቱ በመንገድ እንደማይቀንስ እንቁጠር። 60 ÷ 12 = 5 አምፔር። የሚጠፋው ቮልቴጅ 5 × 0.4 = 2 ቮልት ነው። በሽቦውና በማብሪያው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ደግሞ ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ ነው። በ35 ዋት አምፖል 2.9 × 2.9 × 0.4 = 3.4 ዋት ያህል ነበር። በ60 ዋት አምፖል ግን 5 × 5 × 0.4 = 10 ዋት ሆነ። ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ጨመረ። ማብሪያውን ያቀለጠው ይህ ነው። ሒሳቡን አስቀድሜ ብሠራው ኖሮ በዚያ ሌሊት በጨለማ ባልቀረን ነበር።

በመጀመሪያ መርምሩ

1ኛ. ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ መብራቱን አብሩ። ከበራ ኃይሉ የሚመጣው ከባትሪ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚበራ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚደምቅና ሲቀንሱ የሚፈዝ ከሆነ በቀጥታ ከዲናሞው ሊሆን ይችላል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ እንዲህ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መብራት መገናኛውን ማጽዳትና ያረጀውን ሽቦ መለወጥ ይበቃል፤ ከዚህ በታች የምናየውን ሬሌይ ያለ ባለሙያ አታስገቡበት። ዲናሞው ባትሪውን የሚሞላበት አቅም ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ባዶ ሊቀር ይችላል።

2ኛ. ከባትሪ የሚበራ ከሆነ መብራቱ እንደበራ በቴስተር የባትሪውን ቮልቴጅ ለኩ፤ ቀጥሎ አምፖሉ እንደተሰካ በአምፖሉ ጫፎች ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ችግሩ ከመንገዱ ነው።

3ኛ. የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ። ከዚያ መገናኛዎቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። በተለይ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ አትርሱ፤ ጭቃና ዝገት የሚበዛው እዚያ ነው። መልሳችሁ ለኩ። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ሬሌይ ምንድን ነው?

ጽዳቱ ካልበቃ ሬሌይ ይገባል። የአንድ ትልቅ ግቢ ባለቤት ከቤት ሆኖ «ክፈት» ይላል፤ ከባዱን በር የሚከፍተው ግን ዘበኛው ነው። ሬሌይ ዘበኛው ነው። በመሪው ላይ ያለው ማብሪያ ጥቂት ከረንት ብቻ ያሳልፋል፤ በሬሌዩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆንና ትልቁን መገናኛ ይዘጋል። ከባዱ ከረንት በማብሪያው ሳያልፍ ከባትሪው በአጭር መንገድ ለአምፖሉ ይደርሳል።

የተለመደው የመኪና ሬሌይ አራት እግር አለው። 86 ከድሮው የአምፖል ሽቦ፣ 85 ከኔጋቲቭ፣ 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87 ከአምፖሉ ጋር ይገናኛሉ። ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት ለየብቻ አንድ አንድ ሬሌይ ያስፈልጋል። ለአዲሱ መስመር 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት አትተኩት፤ ያኔ የሚቃጠለው ሞተሩ ነው።

ውጤቱን እናስላ። የ1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ሬዚስታንስ በሜትር 0.017 ኦም ያህል ነው። ደርሶ መልስ 3 ሜትር የ1.5 ሽቦ ቢሆን 0.017 × 3 ÷ 1.5 = 0.034 ኦም። ለ35 ዋት አምፖል በሽቦው የሚጠፋው 2.9 × 0.034 = 0.1 ቮልት ብቻ ነው። ያው የድሮው አምፖል የጠፋበትን ብርሃን ያገኛል።

ስለ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖልም ትጠይቃላችሁ። በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን በቀጥታ ከዲናሞ በሚበራ ሞተር ላይ ሊርገበገብና ቶሎ ሊቃጠል ይችላል። ለሌላ አምፖል በተሠራ መስተዋት ውስጥ ሲገባም ብርሃኑን በትኖ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ሊያውር ይችላል። የራሳችንን መንገድ ስናበራ የሌላውን አናጨልም።

ማሳሰቢያ፦ ተማሪዎች ይህን ሥራ ያለ ታላቅ ሰው እንዳትሞክሩ። ወላጆችም ልጆቻችሁን አስቀርባችሁ አሳዩአቸው፤ ሒሳቡን እነሱ ይሥሩ፣ መፍቻውን እናንተ ያዙ።

የጎረቤቴ ሞተር ዛሬ የሚሄደው በድሮው 35 ዋት አምፖል ነው። ሽቦውን አብረን ቀየርን፤ ሒሳቡን የሠራው ያ በትኩሳት ያዘልኩት ልጅ ነው።

መልመጃ

1. የ12 ቮልት ሞተር ባለ 35 ዋት የፊት መብራት፣ ባለ 5 ዋት የኋላ መብራትና ሁለት ባለ 10 ዋት ፍሬቻዎች ቢኖሩት፣ ሁሉም ሲበሩ ስንት አምፔር ይፈልጋሉ?

2. የመስመሩ ሬዚስታንስ ከ0.4 ወደ 0.2 ኦም ቢወርድ ለ35 ዋት አምፖል ስንት ቮልት ይደርሰዋል?

3. ማብሪያውን የሚያቀልጠው ከረንቱ ነው ወይስ ቮልቴጁ? ምክንያታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። በደህና ግቡ።