ይግባኝና ሰበር

ነገር በተነሳበት መንደር ሁሉ «እስከ ሰበር እሄዳለሁ!» ብሎ የሚዝት ሰው አይጠፋም። የሚዝተው ብዙ ነው፤ ሰበር ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ባለማወቅ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዱ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ድረስ ይመላለስና ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላው በሕግ ስህተት የሄደበትን መሬት ማስመለስ ሲችል «በቃ፣ ተፈርዶብኛል» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ታዲያ በፍርድ ሄደች የምንላት በቅሎ በትክክለኛ ፍርድ መሄዷን በምን እናውቃለን? በዚህ ትምህርት የምናየው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ የፍርድ ቤቶችን ደረጃ እንወቅ። በክልል ውስጥ ከታች የወረዳ ፍርድ ቤት አለ። ከሱ በላይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም በላይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገኛል። የፌዴራሉም መንግሥት እንዲሁ ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይባላሉ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ከፌዴራሉ የዳኝነት አካላት ሁሉ የበላይ ያደረገው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ ነው።

በታችኛው ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ቅር ካለው ወደ በላይኛው ይግባኝ ይላል። ቃሉ ራሱ «ነገሬ ከበላይ ዳኛ ዘንድ ይግባልኝ» እንደ ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ነገር መመርመር ይችላል። አንደኛ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ማስረጃውን በሚገባ መዝኖታል ወይ? ሁለተኛ፣ ሕጉን በትክክል ሠርቶበታል ወይ? ነገር ግን አንድ ልብ የምንለው አለ። ይግባኝ ማለት ክርክሩን እንደ አዲስ መጀመር አይደለም። ይግባኝ ሰሚው የሚመለከተው በታች የተከፈተውን መዝገብ ነው። በታች ያልተነሳ ነገር፣ በታች ያልቀረበ ማስረጃ በይግባኝ ጊዜ እንደ ልብ አይጨመርም። ስለዚህ «ዋናውን ምስክሬን ለበላዩ ፍርድ ቤት አስቀምጬዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ ይመከር። ምስክርና ሰነድ የሚቀርበው ገና በወረዳው ነው።

ጊዜም አለው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። የመኸር ሥራ ቢይዘን፣ ወንዝ ቢሞላ ቀኑ እየሄደ ነው። የወንጀል ጉዳይ የራሱ የሆነ ሌላ ቀን አለው። ቀኑን ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት ጠይቆ መጻፍ ይሻላል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የታችኛውን ፍርድ ካጸናው በብዙ ጉዳይ ይግባኙ በዚያው ያበቃል። ከለወጠው ግን ሁለተኛ ይግባኝ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍርዱ የመጨረሻ ሆነ ይባላል። የመጨረሻ ከሆነ ታዲያ ሰበር ከየት መጣ?

ሰበር «ሰበረ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በፈረንሳይ አገርም እንዲህ ያለው ችሎት የሚጠራው መስበር በሚል ቃል ነው። የሚሰበረው ፍርዱ ነው። የመጨረሻ ሆኖ ሳለ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የተገኘበትን ፍርድ ይሰብራል ማለት ነው። ይህን ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው። ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶችም በክልል ጉዳዮች ላይ ይኸው ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ሰበር በአገራችን ሕግ ውስጥ የገባው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980 ዓ.ም. ነበር።

ሽማግሌዎቻችን የዙፋን ችሎትን ያስታውሳሉ። በንጉሡ ዘመን በፍርድ የተበደለ ሰው «ጃንሆይ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ጉዳዩን ዓይተው የመጨረሻውን ቃል ይሰጡ ነበር። ይህ ችሎት ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ አብሮ ቀረ። ዛሬም ብዙ ሰው ወደ ሰበር የሚሄደው ያንን እያሰበ ይመስለናል። «ዳኞቹ ልጆቼን ቢያዩ፣ ድህነቴን ቢያዩ ያዝኑልኛል» ይላል። የሰበር ዳኛ ግን እንዲያዝን አይደለም የተሾመው። የሚያየው ሕጉን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አቤት ባዩ ማመልከቻውን ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ያቀርባል። በመጀመሪያ 3 ዳኞች ያዩታል። የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያጠራጥር ነገር ካላገኙ «አያስቀርብም» ይላሉ፤ መዝገቡ ይዘጋል። ካገኙ «ያስቀርባል» ይላሉ። ያን ጊዜ ተጠሪው ተጠርቶ መልስ ይሰጣል፤ ጉዳዩንም ከ5 ያላነሱ ዳኞች ያዩታል። እነሱም ፍርዱን ያጸናሉ፣ ያሻሽላሉ ወይም ይሽራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ይህ ነጥብ ሳይጣራ ታልፏል» ብለው ጉዳዩን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ይመልሱታል።

የፍሬ ነገርና የሕግ ልዩነት ብዙዎችን ያደናግራልና በምሳሌ እንየው። እንበል፣ አንዲት ባልቴት ከባሏ ጋር ሆነው ለ20 ዓመት ያረሱት መሬት አለ። ባልየው ሲሞት ወንድሙ «መሬቱ ከአባታችን ለእኔ የደረሰኝ ነው» ብሎ ይከሳታል። የወረዳው ፍርድ ቤት የሁለቱንም ምስክሮች ይሰማና የወንድምየውን ምስክሮች ያምናል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያጸናዋል። ሴትየዋ ወደ ሰበር ሄዳ «ምስክሮቹ ዋሽተዋል» ብትል አያስቀርብም መባሏ አይቀርም። ማን እውነት ተናገረ፣ ማን ዋሸ የሚለው የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። ምስክሩን በዓይኑ ያየው፣ ቃሉን በጆሮው የሰማው የወረዳው ዳኛ ነው። ሰበር ምስክር አይሰማም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ትንሽ እንለውጠው። ባልና ሚስት አብረው ማረሳቸውን ፍርድ ቤቱ አምኗል እንበል። ነገር ግን በፍርዱ ላይ «የይዞታ ደብተሩ የወጣው በባልየው ስም ብቻ ነው፤ ሴትየዋም ሴት በመሆኗ በመሬቱ ላይ መብት የላትም» ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ የተበላሸው ምስክርነቱ አይደለም፤ ሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። ይህን የሚጥስ ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ሴትየዋም ያችው ናት። የአቤቱታው ቃል ግን ሁሉን ለወጠው።

በወንጀልም እንዲሁ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በየደረጃው ይለያል። በአንቀጽ 539 አስቦና ተዘጋጅቶ በጭካኔ የገደለ ሰው ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይፈረድበታል። በአንቀጽ 540 የሚወድቅ ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ወይም በከባድ ሁኔታ ተነሳስቶ የገደለ ደግሞ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። በዱላ የመታው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው በምስክር የሚያልቅ ነው። መምታቱ ከታወቀ በኋላ ግን የትኛው አንቀጽ ይጠቀስ የሚለው የሕግ ጥያቄ ነው። በ539 እና በ541 መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። የሞት ፍርድ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ቢያጸኑትም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ካላጸደቀው አይፈጸምም። ይግባኝ የሚለው ተከሳሹ ብቻ አለመሆኑንም እንወቅ፤ ዓቃቤ ሕግም ይላል።

የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ አጠር ያለ መንገድ አለው። አንድ ጊዜ ይግባኝ ይባላል፤ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ የመጨረሻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ብቻ ነው።

በቤተሰብ ጉዳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጥቀስ። ጉዳዩ ከደቡብ የአገራችን ክፍል የመጣ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ታሳድገው ነበር። አባትየው «ልጁን የማሳደግ መብት የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰ። የታች ፍርድ ቤቶች አንዱ ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ ነው የሚለውን ይዘው ለአባትየው ፈረዱ። አክስቲቱ ተስፋ ሳትቆርጥ ሰበር ድረስ ሄደች። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. ፍርዱን ሰበረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በሕፃናት ጉዳይ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ይህንኑ ይላል። ችሎቱ ከወላጅነት መብት በፊት ለልጁ የሚበጀው መታየት አለበት አለ፤ ልጁም ከአክስቱ ጋር እንዲኖር ወሰነ። እኛ እንደምናየው ይህ ፍርድ ከብዙ ስብከት ይልቅ የሕፃናትን መብት ለዳኞች ያስተማረ ነው።

ለዳኞች ያስተማረ ያልንበት ምክንያት አለን። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም ሆነ በክልል ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ያንን አዋጅ ቢተካውም ይህን አሠራር አልተወውም። ስለዚህ ለአክስቲቱ የተሰጠው ትርጉም ከደቡብ ተነስቶ ጎጃምም፣ ሐረርም፣ ወለጋም ይደርሳል። ትርጉሞቹ በመጽሐፍ እየታተሙ ይወጣሉ፤ ከ20 በላይ ቅጾች ሆነዋል። ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም መለወጥ ሲፈልግ ደግሞ ከ7 ያላነሱ ዳኞች መቀመጥ አለባቸው።

ይኸው አዋጅ በሩን ጠበብ አድርጎታል። በክልል ሕግ የሚታይ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚያልፈው በክልሉ ሰበር ችሎት ነው። ከዚያ ወደ ፌዴራሉ ለመሄድ የሕግ ስህተቱ መኖር ብቻ አይበቃም፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅም የሚነካና አገር አቀፍ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት። ይህ ለድሃው ገበሬ ከበድ ይላል። ሆኖም የአንድ ክልል ዳኞች በራሳቸው ሕግ ላይ የመጨረሻ ቃል ይኑራቸው የሚለውም አስተያየት ተራ አይደለም።

ሰበርም የማይደርስበት ነገር አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አጣርቶ የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በውርስ ክርክር አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኝታ ነበር። ሰበር ችሎቱም ፍርዱን አልነካውም። ጉዳዩ ለአጣሪ ጉባኤው ቀርቦ በ1996 ዓ.ም. ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ተባለ። ምክንያቱም አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ስለሚል ነው።

እንግዲህ ማንበብ የቻለ ሰው ፍርድ በተሰጠ ጊዜ ምን ያድርግ? የፍርዱን ግልባጭ ይውሰድ። ግልባጩ ረጅም ቢሆን አይፍራ። «ጭብጡ» የሚለውን ቦታ ይፈልግ፤ ዳኛው ሊመልሰው የያዘው ጥያቄ እሱ ነው። ቀጥሎ «ስለሆነም» ወይም «በመሆኑም» ከሚለው በፊት የተጻፈውን ይይ፤ ምክንያቱ እዚያ ነው። የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ራፖር ጸሐፊ ሲሄድ «ተበድያለሁ» ብቻ ሳይሆን «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ማለት ይችላል። የዳኝነት የሚከፍለው የሌለው በደሃ ደንብ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። አቤቱታ ማቅረብ ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም አያቆምም፤ መሬቱ ወይም ከብቱ ከእጁ እንዳይወጣ ዕግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ለውይይት፦ ሦስት ጎረቤታሞች ፍርዳቸው የመጨረሻ ሆኗል። አንደኛው «ዳኛው የእኔን ሽማግሌ ምስክር ትቶ የጎረምሳውን አመነ» ይላል። ሁለተኛዋ «ፍርዱ መሬቴን ሸጫለሁ ብሎ ውሉን አጸናው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ይላል» ትላለች። ሦስተኛው «ደረሰኙን ያኔ አጥቼው ነበር፤ አሁን ከሳጥን ሥር አገኘሁት» ይላል። ለሰበር የሚበቃ አቤቱታ ያለው የትኛው ነው? የቀሩትስ ምን ማድረግ ነበረባቸው?