የጎልፍ ሜዳ ሣር ከበረዶ በኋላ፦ የሞተውን ከተኛው መለየት

ሣሩን የሚገድለው የክረምቱ ብርድ ይመስለናል። እኔም ወደዚህ ትምህርት ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ስሠራ እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አማርኛችን ሁሉንም በረዶ ይለዋል እንጂ ለስላሳው በረዶና ግግሩ ለሣር አንድ አይደሉም። ለስላሳው እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ ከነፋስና ከኃይለኛ ውርጭ ይከልለዋል። ግግሩ ግን አየር ስለማያሳልፍ ያፍነዋል። ፖአ አኑዋ የሚባለው ሣር ከግግር ሥር ሁለት ወር ገደማ ከቆየ ያሰጋል፤ ክሪፒንግ ቤንትግራስ ግን ሦስት ወርም ሊችል ይችላል።

ትልቁ አደጋ ያለው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ በፈረንጆች ማርች አካባቢ ነው። የሣር ሕይወት ያለው አንገቱ ላይ፣ ማለትም ቅጠልና ሥር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ቀኑ ሞቅ ሲል አንገቱ ውኃ ይጠጣል፤ ማታ ድንገት ሲበርድ ያ ውኃ በረዶ ሆኖ ሴሎቹን ይሰነጥቃቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አካፋ ይዞ የቀለጠው ውኃ ከግሪኑ የሚወርድበትን መንገድ መክፈት ነው። ግሪን የሚባለው ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበት፣ በጣም አጥሮ የሚታጨደው ቦታ ነው።

በረዶው ሲነሳ ክብ ክብ ግራጫ ምልክት ካያችሁ ቲፉላ የተባለው ፈንገስ ያመጣው ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ጥቁር ወይም ቡናማ እንክብሎች ካሉበት እሱው ነው። መድኃኒቱ የሚረጨው በረዶው ከመጣሉ በፊት ስለሆነ ለዚህኛው በጸደይ መርጨት ገንዘብ መጣል ይመስለኛል። የተጣበቀውን ቅጠል በሬክ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሮዝ መልክ ያለው ሻጋታ ግን ቅዝቃዜና እርጥበት እስካለ ድረስ ስለሚቀጥል ክትትል ይፈልጋል።

ደግሞ ቡናማ ሣር ሁሉ የሞተ አይደለም። እኛ የጎልፉን ቀዳዳ በምንቆርጥበት መሣሪያ ከየግሪኑ አንዳንድ ቁራጭ ከነአፈሩ አውጥተን ሞቃት ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር እናስቀምጥ ነበር። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካቆጠቆጠ ሜዳው በሕይወት አለ ማለት ነው። ካላቆጠቆጠ እንደገና መዝራት ነው፤ ያውም አፈሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ፣ አለዚያ ዘሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ዓመት ቁራጮቹ መስኮት ሥር አረንጓዴ ሆነው ደስ ብሎን ሳለ፣ ተጫዋቾቹ «መቼ ነው የምትከፍቱት?» እያሉ ሲጨቀጭቁ አለቃችን ሜዳውን ከፈተው። አፈሩ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ቀልጧል፣ ከታች ግን ገና ድንጋይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ሲረግጠው ላይኛው አፈር ይንሸራተትና ሥሩን ይበጥሰዋል። ክረምቱን ያለፈው ሣር በእግር አለቀ። ሁለቱን ግሪኖች እስከ ጁን ድረስ በገመድ አጥረን ከረምን።